የተበሳው ካርቶን

ተማሪዎቹ «ጋሼ ኮንቲኒየስ» ይሏቸዋል፤ በእርግጥ ፊት ለፊታቸው ደፍሮ የሚጠራቸው የለም። ስሙ የወጣላቸው ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ዓመት ሳያዛንፉ «ፐርፌክት ኮንቲኒየስ» የሚባለውን የእንግሊዝኛ ሰዋስው ስለሚያስተምሩና እሱኑ ስለሚፈትኑ ነው። ሰሌዳው ላይ ረጅም መስመር ያሰምሩና፣ «ሴትየዋ አውቶቡስ ስትጠብቅ ቆይታለች፤ አሁንም ቆማለች። ይኼ አንድ። ስትጠብቅ ቆይታ ነበር፤ አውቶቡሱ መጣላት። ይኼ ሁለት። ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ስትጠብቅ አንድ ሰዓት ይሞላታል። ሦስት። የቱ ለየቱ ቦታ እንደሆነ ያልለየ እንግሊዝኛ እችላለሁ አይበለኝ!» ይላሉ። ከኋላ አንዱ «ምስኪን፣ ሃያ ሰባት ዓመት ቆማ!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። እሳቸውም እንዳልሰሙ ሆነው ፈገግ ይላሉ።

እንዳይኮራረጁ ፈተናውን «ሀ» እና «ለ» ብለው በሁለት ዓይነት ያዘጋጃሉ። ለማረሚያ ደግሞ ከጫማ ካርቶን ቆርጠው በትክክለኛው መልስ ቦታ የበሷቸው ሁለት ቁራጮች አሏቸው። ካርቶኑን መልሱ ላይ አስቀምጦ በቀዳዳው የታየውን ምልክት መቁጠር ነው እንግዲህ። መቶ ሃያ ወረቀት በአንድ ከሰዓት እልቅ! «ካርቶን አያዳላም» ይላሉ፤ ይቺን ካሉ በኋላ አቤቱታ አይሰሙም።

ባለፈው መንፈቅ መስኮቱ ጥግ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ከሃያ ጥያቄ አራት ብቻ አገኘች። ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ መምህራን ማረፊያ ድረስ መጣች።

«ጋሼ፣ እባክዎ አንዴ ደግመው ይዩልኝ።»

ምሳ ላይ ነበሩ፤ ባልደረቦቻቸውም ዙሪያቸውን ተቀምጠዋል። ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ከማጥናት ሰበብ መደርደር ይቀላል፣ አይደል? አስቀምጪውና ሂጂ። ካርቶን አያዳላም!» አሏት። ጠረጴዛው ሳቀ። ልጅቷ ወረቀቱን አስቀምጣ ወጣች፤ በሚቀጥለው መንፈቅም አልተመለሰችም። በአጎቷ ላውንደሪ ልብስ እንደምትተኩስ ሲሰሙ፣ «ጉልበቷን ፈልጎ አስቀራት» ብለው ሰውየውን በሆዳቸው ረገሙት።

ከአራት ወር በኋላ ቁም ሳጥናቸውን ሲያጸዱ ያ ወረቀት እጃቸው ገባ። ጥጉ ላይ፣ በትንሹ፣ «ለ» ተብሎ ተጽፏል። ከ«ሀ» ክምር ጋር ደባልቀው ነበር ያረሙት። ትክክለኛውን ካርቶን አስቀምጠው ቆጠሩ። አሥራ ዘጠኝ። ሦስቴ ደጋግመው ቆጠሩ፤ ያው አሥራ ዘጠኝ። ከስህተቱ ይልቅ ያንገበገባቸው ያ የምሳ ሰዓት ሳቅ ነበር።

ሄደው ሲነግሩት ርዕሰ መምህሩ፣ «ጋሼ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። መዝገቡም ተዘግቷል። ስምዎን ለምን ያጎድፋሉ?» አላቸው።

«ይከፈትልኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ እፈርማለሁ» አሉ፤ ፈረሙም።

በማግስቱ ከሰዓት ወደ ላውንደሪው ሄዱ። መንገዱን ሁሉ አጎትየውን የሚያፋጥጡበትን ቃል ሲያውጠነጥኑ ነበር። ሰውየው ባንኮኒው ላይ ሸሚዝ ያጥፋል፤ ልጅቷ ከኋላው በእንፋሎት ተከባ ትተኩሳለች። ሁሉንም ነገሯቸው። ከዚያም ጠንከር ብለው፣ «እርስዎም ቢሆኑ በአንድ ፈተና ልጅን ከትምህርት ማስቀረት…» ብለው ሲጀምሩ አጎትየው አቋረጣቸው።

«መምህር፣ ያስቀረኋት እኔ አይደለሁም። ስንት ሽማግሌ ልኬባታለሁ! "ጋሼ አይሳሳቱም፤ እኔ ነኝ ለትምህርት ያልተፈጠርኩት" ብላ እምቢ ያለችው ራሷ ናት።»

መምህሩ ያ ሁሉ ያዘጋጁት ቃል ብን ብሎ ጠፋባቸው፤ የረገሙት ሰው ፊት ቆመው መሬት መሬት አዩ።

ልጅቷ ካውያውን አቁማ መጣችና ወረቀቱን ተቀበለች።

«የሳትኩት አንዷን ብቻ ነው?»

«አንዷን ብቻ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አላዩልኝም?»

«ኮርቼ ነው» አሉ። «ሰው ፊት ተሳስቼ እንዳልገኝ ፈርቼ። ይቅር በይኝ።»

እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች።

«ወደ ትምህርቴ እመለሳለሁ» አለች። «እርስዎ ክፍል ግን እንዳይመድቡኝ።»