የሞተ ተብሎ የተጻፈው ወንዝ

በወንዝ መርማሪነት ሥራ የጀመርሁ ዕለት አለቃዬ ኢንጂነር ታደለ ከእግሬ ሁለት ቁጥር የሚበልጥ የጎማ ቦት ጫማ፣ ባለ እጀታ መረብ፣ ነጭ የፕላስቲክ ትሪና አንድ አቃፊ ሙሉ ቅጽ አስረከቡኝ። ከዚያ በፊት የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበርሁ። ወንዝ መመርመር ማለት ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን ጠርሙሱ የዛሬን ብቻ እንደሚናገር፣ ወንዙ የከረመበትን የሚያውቁት ከድንጋዩ ሥር የሚኖሩት ነፍሳት እንደሆኑ ነገሩኝ።

የመጀመሪያው ሥራዬ እንጅባራን መሀል ለመሀል የሚያቋርጠው ትንሽ ወንዝ ነበር። ከተማው ወንዙን በተመለከተ ሁለት ሐሳብ ይዟል። አንደኛው ዳርቻውን አጽድቶ ቀርከሃ መትከል ነው። ሁለተኛው ወንዙን በኮንክሪት ቱቦ ከትቶ ላዩን መንገድ ማድረግ። የሚወሰነው በእኛ ሪፖርት ነበር።

የረገጥነው ውሃ የምንመረምረውን እንዳያደፈርስብን ከታች ጀምረን ወደ ላይ እንወጣለን። በየመቶ እርምጃው ቆመን የዳርቻውን መሸርሸር፣ ጥላውን፣ ሽታውንና ደለሉን እንመዘግባለን። ከዚያ የኦክስጅን መለኪያውን እንነክራለን። በመጨረሻ የመረቡን አፍ ውሃው ወደሚመጣበት ደግነን፣ ከፊቱ ያለውን ድንጋይ በእግር እያገላበጥን፣ የተያዘውን ትሪው ላይ ገልብጠን የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ እንቆጥራለን።

በልኳንዳዎቹ ጓሮ፣ ከጋራዡ ሥር፣ ባጃጅ ከሚታጠብበት ቦታ ትሪው ላይ ያገኘነው አንድ ዓይነት ነገር ነው። አየር ባጣ ውሃ የሚኖር ቀይ ትል። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ሸለቆውን ቆሻሻ እስከ አፉ ሞልቶት ማለፍ አልቻልንም። ኢንጂነሩ እዚህ ይብቃን አሉና ማጠቃለያው ላይ «የሞተ» ብለው ጻፉ። እኔም ከሥር ፈረምሁ።

ዕቃችንን ስንሰበስብ የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ አያ ቢምረው ወደ እኛ መጡ። ሰባ ያለፋቸው፣ ከአማርኛ ይልቅ አዊኛ የሚቀናቸው፣ በጎልማሳነታቸው ፈረሰኛ የነበሩ ሰው ናቸው። ምን እንደጻፍን ጠየቁኝና ነገርኋቸው።

«ምንጩን ሳታዩ?» አሉ።

ምንጩ የት እንዳለ ስጠይቃቸው በከዘራቸው የቆሻሻውን ክምር አመለከቱኝ። ከተማው፣ በድሮ ስሙ ቆሰበር፣ እንዲህ ሳይሰፋ ፈረሳቸውን የሚያጠጡት እዚያ ነበር። ሚያዝያ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ እሱ ደርቆ እንደማያውቅ ነገሩኝ።

ኢንጂነሩ አላመኑም። ሪፖርቱ በሳምንቱ መጨረሻ መድረስ አለበት። አንድ ቀን እንዲሰጡኝ ለመንኋቸው። ነገ ሥራ አለብኝ፣ ብቻሽን ትሠሪያለሽ አሉኝ። መረቡን ግን አልወሰዱብኝም።

በማግሥቱ አያ ቢምረው የወፍጮ ቤቱን ሁለት ተሸካሚዎች አግባብተው ጠበቁኝ። በመንሽ እያነሳን በጆንያ አወጣን። ፌስታል፣ የጫማ ሶል፣ የከሰል ብናኝ፣ የተቀደደ ፍራሽ። ከሽታው የተነሳ አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፍኜ ቀጠልሁ። ረፋዱ ላይ አንድ ትልቅ የድንጋይ ጣሪያ ብቅ አለ። ከሥሩ ያለውን የመጨረሻ ፍራሽ ስንጎትት ቦት ጫማዬ ውስጥ ውሃ ገባ። ከአጥንት የሚደርስ ቅዝቃዜ ነበር።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከድንጋዩ ሥር፣ ቆሻሻው ካልደረሰበት ዋሻ፣ ጥርት ያለ ውሃ በጠጠር ላይ እየዘለለ ይወጣል። ርዝመቱ ከአንድ አልጋ አይበልጥም። ከዚያ ወዲያ ወደ ጥቁሩ ጭቃ ይገባና ይጠፋል። መለኪያውን ነከርሁት። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሲወጣ መለኪያው የተበላሸ መሰለኝና አስተካክዬ ደገምሁት። ያው ነው። መረቡን ደገንሁ፣ ጠጠሩን አገላበጥሁ፣ ትሪው ላይ ገለበጥሁት።

ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣ ሦስት ጭራ ያላቸው ነፍሳት ነበሩ። በጎናቸው እንደ ላባ የቀጠነ ነገር ሳያርፍ ይርገበገባል፤ የሚተነፍሱት በእሱ ነው። ውሃ ሲቆሽሽ መጀመሪያ የሚሞቱት እነዚህ ናቸው። ያን ሁሉ ዘመን፣ ያ ሁሉ ጥራጊ ከበላያቸው ተቆልሎ፣ ትውልድ በትውልድ እየተተኩ እዚያ ኖረዋል።  መቁጠር ጀምሬ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ።

ደወልሁ። ኢንጂነሩ በባጃጅ መጥተው ትሪው አጠገብ ተንበረከኩ። ቆባቸውን አውልቀው ትሪውን ወደ ብርሃን አዞሩ። ከዚያ መለኪያውን ተቀብለው ሁሉንም ከመጀመሪያው ራሳቸው ደገሙት። ሲጨርሱ ቅጹን አወጡ፣ «የሞተ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዙ፣ ከጎኑ ፈረሙና ለእኔ ሰጡኝ። ያን ቃል ያጸደቅሁት እኔም ነበርሁና እያፈርሁ ፈረምሁ።

ሪፖርቱ በቀረበበት የከተማው ስብሰባ ላይ የቱቦውን ሥራ የያዙት ኃላፊ ለጥቂት ነፍሳት ተብሎ መንገድ አይቀርም አሉ። ኢንጂነሩ ቁጥሮቹን አነበቡ፤ ኃላፊው አልተበገሩም። ያኔ በኢንጂነሩ ጥሪ የመጡት አያ ቢምረው ተነሡ።

«እኛ እድሜ ልካችንን ቆሻሻ ጣልንበት» አሉ። «እሱ መፍሰሱን አልተወም።»

 ኃላፊው ቦታውን ልየው አሉ። በማግሥቱ ሄደው አዩት፤ ሲመለሱ ቀርከሃው ይተከል አሉ።

ቱቦው ቀረ። ሸለቆው ተጠርጎ ቀርከሃ ተተከለበት። ከጋራዡ በታች ያለው ክፍል ዛሬም ይሸታል፤ ቀዩ ትልም አልለቀቀውም። ነገር ግን በየዓመቱ በጋ ስንለካ ሦስት ጭራ ያላቸው ወደ ታች ጥቂት እርምጃ ወርደው እናገኛቸዋለን።

ከዚያ ወዲህ የዳንግላና የግምጃ ቤት ከተሞችን ጨምሮ በብዙ ቦታ ወንዝ መርምሬያለሁ። ለአዲስ ባልደረባ የምነግረው አንድ ነገር ነው። ምንጩ ላይ ሳትደርሱ ማጠቃለያውን አትጻፉ፤ መንገዱ ከጠፋባችሁ ድሮ ከብት ያጠጣ ሰው ጠይቁ።