ልቡ ያበጠው ስኮርታ

የእህቴ ባል ጎሚስታ ነው። ትክክለኛ ስሙን የምናውቀው እኔና እህቴ ብቻ ሳንሆን አንቀርም፤ ሌላው ሰው ሁሉ «ጋሽ ገባኝ» ነው የሚለው። ስሙን ያተረፈለት የገዛ አፉ ነው። ሰው አንድ ነገር ሊነግረው ሲጀምር፣ ነገሩ ገና ወገቡ ላይ ሳይደርስ እጁን ወደ ላይ ያነሳና «ገባኝ፣ ገባኝ» ይላል። ምንም አልገባውም። ደንበኛ «የኋላው ግራ ጎማ ደህና ነው፣ የፊቱ ግን...» ብሎ ሳይጨርስ እሱ ደህናውን የኋላ ግራ ፈትቶ መሬት አስተኝቶታል።

እህቴንም ያገባት በዚሁ አመሉ ነው። ያኔ ከሥራ ስትወጣ መንገድ ላይ ጠብቆ «አግቢኝ» አላት። እሷ ቆም ብላ አሰበችና «እኔ አንተን ለማግባት...» ብላ ጀመረች። «ገባኝ!» አለና ለእናቱ ሊያበስር በሩጫ ሄደ። እህቴ አፏን ሳትዘጋ ድግሱ ተደገሰ። ይኸው ሁለቱም ሸብተዋል፣ ልጆቻቸውም የየራሳቸውን ቤት ይዘዋል፤ የዚያ ንግግር መጨረሻ ምን እንደነበር ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም። እኔም ደጋግሜ ብጠይቃት «ተይኝ እባክሽ» ነው መልሷ።

እኔ እነሱ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ይዤ ልብስ እሰፋለሁ። ክፍሌን ከጎማ ቤቱ የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ እዚያ የሚወራው ሁሉ ይሰማኛል። ለወሬ ብዬ አይደለም፤ ኮምፕሬሰሩ ሲያርፍ ሌላ የሚሰማ ነገር ስለሌለ ነው። እሺ፣ ለወሬም ነው።

ውሻው ስኮርታ ይባላል። ስኮርታ እንግዲህ መኪና ለክፉ ቀን ብሎ ከኋላው ይዞት የሚዞረው ትርፍ ጎማ ነው። ይህም ቡችላ ሆኖ አንድ ቀን ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ከጋሽ ገባኝ ኋላ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ሽንት ቤት እንኳ ሲሄድ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ቢጫ፣ ግዙፍ፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ፣ ሲተኛ እንደ ሰው የሚያንኮራፋ ውሻ ነው። የሚገርመኝ ደግሞ፣ ይህ የማንንም ንግግር የማያስጨርስ ሰው ስኮርታን አያቋርጠውም። ማታ ሱቁን ሲዘጋ አጠገቡ ቁጭ ይልና ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ስኮርታ ስለማያወራ፣ የት ላይ እንደሚቆርጠው አላገኘም መሰለኝ። እህቴ በዚህ ትቀናለች። «እኔም ብጮህበት ይሻለኝ ነበር» ትላለች።

በሥራው ግን ቀልድ አያውቅም፤ ይህን አልክደውም። አንዴ አንድ የታክሲ ሹፌር ጎኑ ያበጠ ጎማ ይዞ መጣና «ነፋ ነፋ አድርግልኝና ልሂድ» አለው። ጋሽ ገባኝ የመኪናውን ቁልፍ ከእጁ ቀምቶ ኪሱ ከተተው። «ያበጠ ጎማ ይዘህ ከዚህ በር አትወጣም! ውስጡ ተበጥሷል። አንተ ጉልበት የመሰለህ ድካሙ ነው» አለው። ሹፌሩ ሰደበው፣ ለመነው፣ እንደገና ሰደበው። በመጨረሻ ሌላ ጎማ ገዝቶ ሄደ።

መዘዙ የመጣው ከመንገዱ ማዶ ካለው መስታወት ቆራጭ ነው። ሰውየውም ውሻውም መቃ ናቸው። በየማለዳው ሁለቱም በጎማ ቤቱ ፊት እየሮጡ ያልፋሉ፤ ማለፍ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አንድ ቀን መስታወት ቆራጩ ባለበት እየረገጠ፣ «ጋሽ ገባኝ፣ ኮምፕሬሰሩን ጎማው ላይ ነው የሚሰኩት ወይስ እምብርትዎ ላይ?» አለው። ደንበኞቹ ሁሉ ሳቁ። ስኮርታም አዛጋ። ጋሽ ገባኝ ደሙ ፈላ።

በማግስቱ መስታወት ቆራጩ አባል በሆነበት፣ የሰፈሩ ሜዳ ላይ ከነውሾቻቸው የሚሮጡ ሰዎች ማኅበር ውስጥ ተመዘገበ። ክረምት ሳይገባ ዳገቱን እስከ ውኃ ታንከሩ የሚወጣ ውድድር አላቸው፤ መስታወት ቆራጩን እዚያ ሊያዋርደው ማለ። አሠልጣኟ ጡረታ የወጣች የስፖርት አስተማሪ ናት፤ ፊሽካዋን ከአንገቷ አታወልቅም። መጀመሪያ ያለችው ይህንን ነው፦ «ማንም ውሻ ሳይመረመር ልምምድ አይጀምርም። ልቡ፣ ሳንባው፣ መገጣጠሚያው ይታይ። እናንተ ሲደክማችሁ ታለቃቅሳላችሁ። ውሻ ግን ጌታው እስከሮጠ ድረስ አመመኝ አይልም።»

«ገባኝ» አላት። እውነትም ስኮርታን ይዞ ክሊኒክ ሄደ።

እዚያ የሆነውን የሰማሁት ኋላ ከራሷ ከሐኪሟ ነው። ልጅ እግር ናት፤ ሥራዋ ላይ ግን ጥድፊያ የለም። ስኮርታን መዘነችው፣ ድዱን ገልጣ አየች፣ እግሮቹን አንድ በአንድ አጥፋ ዘረጋች። ከዚያ ማዳመጫዋን ደረቱ ላይ አድርጋ ደጋግማ አዳመጠች። ራጅ አነሳችው። ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅላ አየችና ወደ ጋሽ ገባኝ ዞር ብላ፣ «ልቡ አብጧል» አለችው።

የጋሽ ገባኝ ፊት በራ። ልቡ አበጠ የሚባለው ሰውንም ውሻንም ከቁብ የማይቆጥር ኩሩ እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ከዚህ ሌላ ትርጉም አለው ብሎ የሚያስብ ማን አለ? «ገባኝ! ይህን ለማወቅ ራጅ ምን ያደርጋል? የሰፈሩን ውሻ ሁሉ በጭራው ነው እኮ የሚያየው!» ብሎ ገመዱን ጨብጦ ወጣ። ሐኪሟ «ቆዩ እንጂ፣ አልጨረስኩም!» እያለች እስከ አጥሩ ተከተለችው። እሱ እጁን ወደ ኋላ እያወዛወዘ ሄደ።

ከሰዓት ደወለችለት። ይህንን እንኳ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ከወዲያ በኩል ምን እንደተባለ ግን በቆርቆሮ አይሰማም። «ከክሊኒክ ነው፣ ስለ ስኮርታ ነበር...» ብላው ነበር ለካ። ኮምፕሬሰሩ ይንጫጫል። ጋሽ ገባኝ «ገባኝ፣ ገባኝ! ስኮርታ አለ! አዲስም ያገለገለም አለ፣ ይምጡ ብቻ!» ብሎ ጮኸና ዘጋው።

ሜዳው ላይ አሠልጣኟ ጠየቀችው። «አስመረመርከው?»

«እንዴታ!»

«ምን አሉህ?»

«ልቡ አብጧል አሉኝ።»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አሠልጣኟ ራሷ ፊሽካዋ ከአፏ እስኪወድቅ ሳቀች። «እንግዲያው ዳገቱ ያስተነፍስለታል!» አለችና ልምምዱን አስጀመረች።

ስኮርታ ግን የሚሮጥ ውሻ አልሆነም። ትንሽ ዱብ ዱብ ይልና ይቀመጣል፤ ያለከልካል፤ ያስላል። የማኅበሩ ሰዎች «ኩራት ነው፣ ከእኛ ጋር መሮጥ ንቆ ነው» ይላሉ፤ ጋሽ ገባኝም ደስ እያለው ጎትቶ ያስነሳዋል። ቤት ሲመለሱ ውሻው ምግቡን አሽትቶ ይተወዋል። እህቴ «ኧረ የዚህ ውሻ ሳል...» ብላ ስትጀምር «ገባኝ፣ አቧራ ነው» ይላታል። ጆሮ ዳባ ልበስ።

የዳገቱን ልምምድ የጀመሩ ቀን እኔም ለማየት ሄጄ ነበር። መስታወት ቆራጩና ውሻው ከፊት ተፈተለኩ። ጋሽ ገባኝ ጥርሱን ነክሶ፣ ሆዱን ተሸክሞ ተከተለ። ስኮርታ ገና ከሥር ተቀመጠ። ጋሽ ገባኝ ገመዱን ለቀቀለትና «ና! ና እንጂ!» እያለ ወደ ላይ ሄደ። ውሻው ጌታው ሲርቅበት አየ፤ ተነሳ። ጌታው ከሄደማ ከኋላው መቅረት አያውቅበትም። አንገቱን ደፍቶ፣ እግሮቹን እየጎተተ፣ ግማሽ ዳገት ላይ ደረሰበት። እዚያ በጎኑ ወደቀ።

«ተነስ፣ ኩራትህ ይብቃ» አለው ጋሽ ገባኝ እየሳቀ። ከዚያ ጎንበስ ሲል ምላሱን አየ። ምላሱ እንደ ቀለም ሰማያዊ ሆኗል።

ያ ዳገት መውጣት አቅቶት የነበረ ሰው ውሻውን አቅፎ ቁልቁል ሲሮጥ አየሁት። መስታወት ቆራጩም ሩጫውን ትቶ ተመለሰና የኋላ እግሮቹን ያዘለት። ሁለቱ ባላንጣዎች ውሻ ተሸክመው፣ የመስታወት ቆራጩ ቀጭን ውሻ ከኋላ፣ እኔ መለኪያ ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ከእሱ ኋላ፣ ክሊኒክ ገባን። እህቴን በስልክ ጠራኋት፤ በሸበጥ መጣች።

ሐኪሟ አፉ ላይ ኦክስጅን አደረገችለት፣ መርፌ ወጋችው። ቆይታ ወደ እኛ ወጣች። ጋሽ ገባኝ ግድግዳውን ተደግፎ እንደቆመ ነው።

«ያን ቀን ልቡ አብጧል ብዬዎት አልነበር?» አለችው።

«ብለሽኛል። እኔ... ኩሩ ነው ያልሽኝ መስሎኝ።»

ሐኪሟ ልትስቅ አልደፈረችም፤ ልትቆጣም አንጀቷ አልቻለም። «የልቡ ግድግዳ ሳስቶ ተለጥጧል። ሲያዩት ትልቅ ይመስላል፤ ደም የመግፋት አቅሙን ግን አጥቷል» አለችው።

ጋሽ ገባኝ፣ «እንደ ጎማ?» አለ።

«ምን አሉ?»

«ጎኑ እንዳበጠ ጎማ? ውስጡ እንደተበጠሰ?»

«አዎ። ልክ እንደዚያ ነው።»

አግዳሚው ላይ ዘፍ አለ። «የሰው መኪና እንዲህ ሆኖ ቢመጣ ቁልፉን እቀማ ነበር» አለ። «ከበር አላስወጣውም ነበር እኮ!» ከዚያ አለቀሰ። በቅባታም እጁ ዓይኑን ሲጠርግ ፊቱ ሁሉ ጠቆረ። በሕይወቴ ብዙ አሹፌበታለሁ፤ ያን ቀን ግን አንጀቴን በላው።

ሐኪሟ ልጅ ስለሆነች ለቅሶ ፈራች መሰለኝ፣ ቶሎ ወደ መድኃኒቱ ገባች። ይህ ክኒን ጠዋት፣ ይህ ጠዋትና ማታ፣ ይህኛው ብዙ ስለሚያሸናው ውኃ አይከልከል፣ ሩጫ ከእንግዲህ የለም፣ በቀስታ መራመድ ግን ይቻላል፣ ሲቆም መጎተት... እያለች ስትደረድር የጋሽ ገባኝ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ላይ ተነሳ።

«ገባ...» አለ። ቃሉን ዋጠው። እጁን መልሶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «አልገባኝም» አለ። «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ፣ ልጄ።»

እህቴ ክንዴን ጨመቀችው። ይህ ቃል ከዚህ አፍ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። ሐኪሟ ከመጀመሪያው ነገረችው። አሁንም «አልገባኝም፣ የሚያሸናው የቱ ነው?» አለ። እንደገና ነገረችው። ከኋላችን መስታወት ቆራጩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ፣ የኔንስ ያዩልኛል? ለአሠልጣኟ ተመርምሯል ያልኳት እንኳ ውሸቴን ነው» አለ።

ስኮርታ አልሞተም። ሐኪሟ ስታስወጣው «ይድናል ብዬ አልዋሽዎትም። ሲቆም ከቆሙለት ግን ገና አብሮዎት ይቆያል» ነው ያለችው። አሁን ማታ ማታ ሱቁ ሲዘጋ ቀስ እያሉ ይወጣሉ። ጥቂት ይሄዳሉ፤ ስኮርታ ይቆማል፤ ጋሽ ገባኝም ይቆማል። መስታወት ቆራጩ በሩጫ ሲያልፋቸው እጁን ያነሳላቸዋል እንጂ አይተነፍስም። አካሄዱ ለጉልበቷ ስለተስማማት እህቴም አብራቸው ትወጣለች። እኔ ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ ብዬ እከተላለሁ፤ ለምን እንደሆነ ከላይ ተናግሬአለሁ።

ባለፈው፣ ስኮርታ የትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ሲቆም ጊዜ፣ ጋሽ ገባኝ ድንገት «ስሚ» አላት። «ያን ጊዜ፣ እኔ አንተን ለማግባት ብለሽ... ምን ልትይ ነበር?»

እህቴ አየችው። ይቀልዳል እንዳትል ፊቱ ላይ ቀልድ የለም።

«እኔ አንተን ለማግባት ጊዜ ያስፈልገኛል፣ ልል ነበር።»

እጁ ሊነሳ ሲል አየሁት። ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ጨረስሽ?» አላት።

«አልጨረስኩም» አለችው።

ስኮርታ መሬት ላይ ተጋደመ። ጋሽ ገባኝም የአጥሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና እስክትጨርስ ጠበቃት።