አሥራ ሁለት ፎቶዎች

ይመኙሻል የሰላ ድንጋይ ከተማ የግብርና ባለሙያ ናት። አሲዳማ ማሳን በኖራ አክማ ገብስ ያበቀለችበትን የሦስት ዓመት ሥራ፣ አምና አለቃዋ ወልደኪዳን ደብረ ብርሃን ላይ ባለሙያና ገበሬ በሚገናኝበት ዓመታዊ ስብሰባ የራሱ አድርጎ አቀረበው። ስሟን አልጠራም። እሷ ከኋላ ተቀምጣ አቀራረቡን አጠናች፤ ዓይኑ ከስክሪኑ አይነቀልም፣ የተጻፈውን ብቻ ያነባል።

ዘንድሮም "ይመኙ፣ ገለጻውን እንደ አምናው አሳምረሽ አዘጋጂልኝ" አላት።

አዘጋጀች፤ ያውም እንደ ደንቡ። ጥሩ ገለጻ ላይ ስክሪኑ ያሳያል፣ ሰው ይናገራል። ስለዚህ በስክሪኑ ከሚታየው ጽሑፉን ሁሉ አውጥታ አሥራ ሁለት የማሳ ፎቶዎች ብቻ አስቀረች። ንግግሩን ግን ሰዓት እየያዘች ሁለት ሳምንት ለራሷ ተለማመደች። እሱ እንደ ልማዱ ፋይሉን አስቀድሞ ሳይከፍተው መድረክ ላይ ወጣ።

"ይሄ... ገብስ ነው" አለ። ቀጣዩን ከፈተ። "ይሄም ገብስ ነው።"

"እሱንማ እኛም አላጣነውም" አሉ ከለሚ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ። "ይሄኛው ለምን ቀጨጨ?"

አዳራሹ ሳቀ። ወልደኪዳን ወደ ይመኙሻል ዞረ። ግንባሩን ላብ እስኪያጠምቀው ጠበቀችና ተነሣች።

"እኔ ላስረዳ፣ አባቴ። ሥራው የእኔ ነው።"

ጀርባዋን ለስክሪኑ ሰጥታ አሥራ አምስት ደቂቃ ተናገረች። ስታበቃ ማሳቸውን የሰጧትን ገበሬዎች በየስማቸው አመሰገነች። የአለቃዋን ስም አልጠራችም።