ዘይነባ ያስያዘችኝ የቃጫ ገመድ

ባለፈው የገበያ ቀን ቡታጅራ ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ፣ ገመድ ሻጮቹ ጋ ስደርስ እግሬ አልሄድ አለኝ። ከእንሰት ገና የተፋቀ ቃጫ ሽታውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ እርጥብ፣ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ፣ እጅ ላይ ከያዘ በሳሙና የማይለቅ ነው። አንዱን ገመድ አንስቼ አሸተትኩት። ሻጯ ለምንሽ ነው አለችኝ። ለመዝለያ ነው እንዳልላት፣ በዚህ ዕድሜዬና በዚህ ወገቤ ማን ያምነኛል!

የባለሱቅ ልጅ ነበርኩ፣ ለዚያውም አንድ ለእናቷ። ሕፃን ሳለሁ ደረቴን አሞኝ ለጥቂት ተርፌያለሁና፣ እናቴ ከዚያ ወዲህ ነፋስ ሲነካኝ እንኳ ትሰጋ ነበር። እኔም መቀመጥን ለመድኩት፤ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ አባቴ ሱቅ ደጃፍ ላይ መንገደኛ ሳይ፣ ብስኩት ስቆረጥም እውላለሁ። የሰፈር ልጆች «ዱባ» ሲሉኝ አይከፋኝም ነበር፣ እውነት ነዋ።

ከዚያ ሳጥን ያስነሳችኝ ዘይነባ ናት፤ ጎረቤታችን፣ እኩያዬ፣ እንደ ሸንበቆ የቀጠነች፣ አርፋ መቀመጥ የማታውቅ። የቃጫ መዝለያ ገመዷን አንድ ጫፍ ጓሯቸው ያለ የብሳና ዛፍ ላይ አስራ፣ ሌላውን የሚያዞርላት አጥታ ነው የመጣችው። ተቀምጠሽም ማዞር ትችያለሽ ብላ አግባብታ፣ ሳጥኔን ራሷ ተሸክማ ወሰደችኝ። የጨዋታው ሕግ ገመዱ የነካው ያዞራል ነው፤ እሷን አይነካት፣ እኔ ከማዞር አልወጣ። አንድ ቀን ግን ምን እንደታያት እንጃ፣ አንቺ ካልዘለልሽ እኔም አልዘልም ብላ ጎኔ ቁጭ አለች። ዘይነባ ቁጭ ስትል! ደነገጥኩ፣ ለሷ ስል ተነሳሁ።

መጀመሪያ ወደቅኩ፣ ደግሜም ወደቅኩ። ሳትስቅብኝ ስለምትጠብቀኝ ማፈሩ ቀረ። ክረምቱ ወጥቶ ሳሩ ሳይደርቅ እኔ ፌንጣ ሆኜ ቁጭ! ገመዱን ስንጠግብ ደግሞ ጀፎረው ላይ፣ በዚያ ሰፊ የመንደሩ ሳራም መንገድ፣ እሽቅድምድም እንይዛለን። ደረቴም ዝም አለ። እናቴ አቧራ ለብሼ ስገባ «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» እያለች ትሰድበኝና፣ ዞር ብላ ደግሞ ለዘይነባ ዳቦ ትቆርሳለች።

ታዲያ የኛ አገር ነገር፣ ልጅ ትንሽ ጠና ሲል አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ይፈልገዋል። ዘይነባንም አክስቷ ሱቅ ታግዘኝ ብላ መርካቶ ወሰደቻት። እኔ ጋ በቀረው ገመዷ ብቻዬን ሞከርኩ፣ አላስኬድ አለኝ። ወደ ሳጥኔ ተመለስኩና አረፋን መጠበቅ ያዝኩ፤ ለአረፋ አገሩ የማይገባ የለም፣ እሷም ትመጣለች፣ እንዘላለን። እኔ ክርስቲያኗ ለአረፋ እንደዚያ ስጓጓ፣ እናቴ ልትሰልሚ ነው እንዴ ብላ ሳቀችብኝ።

መጣች። ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ ሻሽ አስራ፣ ባለ ታኮ ጫማ ተጫምታ። እንደ ትልቅ ሰው እጇን ዘርግታ ሰላም ስትለኝ ሳቄ አመለጠኝ። እነሱ ቤት ክትፎውን በቆጮ በልተን እንዳበቃን ጎትቼ ጓሮ ወሰድኳትና ገመዱን አሰርኩ። ጫፉን ከእጄ ተቀብላ ማዞር ጀመረች። ዘለልኩ፣ ዘለልኩ፤ ከዚያ ተራዋ እንዲደርስ ብዬ ሆን ብዬ ገመዱን ነካሁ።

«ግድ የለም፣ ድገሚ» አለችኝ።

ደገምኩ፤ አሁንም ነካሁ፤ አሁንም ድገሚ አለች። ጫማሽን አውልቂው እንጂ ብላት፣ ጎንበስ ብላ እግሯን አየች።

«ከሄድኩ ወዲህ ዘልዬ አላውቅም እኮ። እዚያ ከማን ጋር ልዝለል? ቀኑን ሙሉ ባንኮኒው ኋላ ቆሜ ነው የምውለው። አንቺ ዝለዪ፣ እኔ ልይሽ።»

እንድታየኝ ብዬ ዘለልኩላት፣ እንባዬ እየወረደ ዘለልኩላት፤ ምነው ብትለኝ አቧራ ነው አልኳት። በማግስቱ መኪና ተሳፈረች። እናቴ ገመዱን ጥጃ ልታስርበት ስትወስደው አልከለከልኳትም።

ዛሬ ዳገት ላይ ሲያለከልከኝ፣ ዕድሜ ነው እያሉ ያጽናኑኛል። የምን ዕድሜ! ከዚያች የአረፋ ቀን ወዲህ ሁለቱ እግሮቼ በአንድ ላይ መሬት ለቀው አያውቁም።