የሐምሌ አሥራ ሦስቱ መምህር

ሙሉሐረግ ባሏ ጨረቃ ድረስ ስለሄዱት ሰዎች ሲያወራ መስማት የሰለቻት ገና በተጋቡበት ዓመት ነው። ያኔ የሚኖሩት አዋሽ ሰባት ኪሎ ነበር። ባሏ ባንተይርጋ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ አስተማሪ፣ እሷ ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እሱ ከደብረ ማርቆስ፣ እሷ ከወልዲያ ለሥራ መጥተው፣ በሙቀቱ አብረው ሲማረሩ ተዋወቁ። አዲስ ሙሽራ ሚስቱን ስለ ልጅነቱ፣ ስለ አገሩ ያጫውታል ብላ ጠብቃ ነበር። ባንተይርጋም አጫውቷታል፤ ግን የልጅነቱ ወሬ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው አንድ አስተማሪው ከመጽሔት ቀድዶ ክፍል ውስጥ በለጠፈው ፎቶግራፍ ላይ ነው። ነጭ የለበሰ፣ ፊቱ በመስተዋት የተሸፈነ ሰው አመድ በመሰለ ምድር ላይ ቆሟል። ባንተይርጋ በልጅነቱ መጀመሪያ መልአክ መስሎት ነበር። ሰው ነው፣ እንደኛው እናት የወለደችው ሰው ነው ሲሉት እንቅልፍ አጣ።

«ከዚያ ወዲህ አልተኛሁም» ይላት ነበር እየሣቀ።

«እኔንም አላስተኛኸኝም» ትለዋለች።

በየዓመቱ ሐምሌ አሥራ ሦስት፣ ሰዎቹ ጨረቃ ላይ ያረፉበት ቀን ነው ብሎ ዶሮ ያርዳል። ቀኑ ጾም ከሆነ ምስር ያሠራል። ጎረቤታቸው አቶ ወልደ ኢየሱስ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ የአንድ ጻድቅ ዝክር መስሏቸው ዓመት ከዓመት እየባረኩ ይበሉ ነበር። አንድ ጊዜ ግን «ለመሆኑ የማን ዝክር ነው?» ብለው ጠየቁ። ባንተይርጋ በኩራት ነገራቸው። ሽማግሌው የጎረሱትን ቀስ ብለው ዋጡና፣

«እንግዲህ አንዴ በልቼዋለሁ። ነፍሳቸውን ይማር» አሉ።

«ኧረ ያኔ አልሞቱም አባባ፣ በሰላም ተመልሰዋል!»

«እሰይ፣ እንኳን ተመለሱ» ብለው ሌላ ጠቀለሉ።

ባንተይርጋ ግን ካረፉት አብልጦ የሚወደው ሳያርፉ የተመለሱትን ነው። ያስተማረው ልጅ ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። ሦስቱ ሰዎች ገና መንገድ ላይ ሳሉ መንኮራኩራቸው ውስጥ የኦክስጅን ታንክ ፈነዳ። ጨረቃ ቀረችባቸው። ለሁለት ሰው በተሠራች ክፍል ሦስት ሆነው ተጨናንቀው፣ ውኃ እየቆጠቡ፣ በብርድ እየተንዘፈዘፉ፣ ጨረቃን ዞረው ፊታቸውን ወደ ምድር መለሱ። የገዛ ትንፋሻቸው ሊገድላቸው ደርሶ ነበር፤ አየሩን የሚያጣራላቸው ዕቃ አራት ማዕዘን፣ የሚገባበት ቀዳዳ ደግሞ ክብ ሆነባቸው። በፕላስቲክ ከረጢት፣ በቱቦ፣ በካርቶንና በፕላስተር ገጣጠሙት። ባንተይርጋ ይህን ሲያስተምር ጀሪካን፣ የቲማቲም ጣሳና የውኃ ጎማ ይዞ ይገባና «አየር እንዳያመልጥ አድርጋችሁ ግጠሙልኝ» ይላቸው ነበር።

«አልጮኹም» ይል ነበር ሁልጊዜ። «የተቀዳ ድምፃቸው አለ። ሞት አጠገባቸው ቆሞ፣ እነሱ ጋራዥ ውስጥ እንዳለ መካኒክ ቁልፍ አቀብለኝ፣ ይሄን ያዝልኝ ይባባላሉ።»

«ሚስቶቻቸውስ?» አለችው አንድ ቀን ሙሉሐረግ።

«ሚስቶቻቸው ምን ሆኑ?»

«እነሱ እዚያ ሲንከራተቱ ሚስቶቻቸው ምን ያደርጉ ነበር?»

አሰበና «ይጠብቁ ነበር መሰለኝ» አላት።

«ታዲያ እሱን ማን ያስተምርልን?» ብላ ወጡን ልታማስል ተነሣች።

በኋላ ወደ ሰመራ ተዛወሩ። አንድ ልጃቸው ኑሀሚን እዚያው አድጋ ለዩኒቨርሲቲ ወደ አዳማ ሄደች። ባንተይርጋ በወጣትነቱ የሳንባ ነቀርሳ ታሞ ድኖ ነበር። ሃምሳውን ካለፈ ወዲያ ግን ያ የተጎዳ ሳንባው እያደር ከዳው። መጀመሪያ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ደከመው። ቀጥሎ ቆሞ ማስተማር አቃተው። በመጨረሻ ጡረታው ሳይደርስ ቤት ዋለ፤ አፍንጫው ላይ ቱቦ ተሰክቶ፣ አልጋው አጠገብ ኦክስጅን የሚሰጠው ማሽን ሌት ተቀን እያጓራ። መጀመሪያ ሰሞን «እኔም እንደነሱ ለበስኩ» እያለ ቱቦውን ያሳይ ነበር። ኋላ ቀልዱን ተወው።

መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ቀጥ ይላል። ያኔ ሙሉሐረግ ለዚሁ ቀን የተቀመጠችውን ትንሽ ሲሊንደር ትከፍትለታለች። ማሽኑ ሲያጓራ ሰላም ትሆናለች። ቢሮ ተቀምጣ እንኳ መብራት ድርግም ሲል፣ ያለ ፈቃድ ተነሥታ የምትሮጥበት ቀን ብዙ ነበር።

አዋሽ አካባቢ መሬቱ የሚንቀጠቀጥበት ሰሞን፣ በጥር፣ ባንተይርጋን ትኩሳት ያዘው። ከንፈሩ ጠቆረ። ቤት ድረስ የመጣው ሐኪም ደረቱን አዳመጠና ሙሉሐረግን ወደ ውጭ ጠርቶ፣ ዛሬውኑ አዳማ መድረስ አለበት አላት። አምቡላንሱ ምጥ የጠናባት ሴት ይዞ ወጥቷል። መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ሙሉሐረግ ኡበይዳ ጋ ደወለች።

ኡበይዳ የሎጊያ ልጅ፣ አፋር ነው፤ ባንተይርጋ ያስተማረው። ትምህርቱን ሳይገፋበት ሹፌር ሆነ እንጂ፣ ኢድ በመጣ ቁጥር መምህሩን ሳይጠይቅ አይውልም። ባለ ሁለት ጋቢና መኪናውን ይዞ ከተፍ አለ። ባንተይርጋን እንደ ሕፃን አቅፎ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ሙሉሐረግ ትንሿን ሲሊንደር በጉልበቶቿ መካከል ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች።

ሰመራን ለቀው ብዙም ሳይርቁ ኑሀሚን ደወለች። ባንተይርጋ ስልኩን ተቀበለ።

«እየመጣሁ... ነው» አላት። «ምሳ... አዘጋጂ።»

ስልኩን ለሙሉሐረግ መለሰላት።

ሚሌ ሊደርሱ ሲሉ መኪናው ጉድጓድ መታ። ሲሊንደሩ የበሩን ብረት ገጨ። ወዲያው ከሲሊንደሩ አንገት ቀጭን የፉጨት ድምፅ ተሰማ። ሙሉሐረግ ቁልፉን ብታጠብቅ፣ ብታላላ፣ በነጠላዋ ጫፍ ብታፍነው አልቆመም። የመለኪያ ጌጁ መርፌ ዓይኗ እያየ ይወርዳል።

«ኡበይዳ፣ እያለቀ ነው!»

ሚሌ ገብተው የጠየቁበት ክሊኒክ ያለውን አንድ ሲሊንደር ለሌላ በሽተኛ ሰክቶታል። ያችም እናቷ ደረት ላይ የተለጠፈች ሕፃን ናት። ሙሉሐረግ አይታ ወጣች። ኡበይዳ መሪውን ይዞ ጥቂት አሰበና፣ መኪናውን የከባድ መኪና ጋራዥ በር ላይ አቆመው።

ባለጋራዡ ጁነዲን ነገሩን ሲሰማ ጭንቅላቱን አከከ። «የብየዳ ኦክስጅን አለኝ። ግን ይሄ የብረት ነው እንጂ የሰው አይደለም።»

«ሌላ የለንም» አለች ሙሉሐረግ።

ጁነዲን መኪናው ውስጥ አየ። የባንተይርጋ ትከሻ በየትንፋሹ ወደ ጆሮው ይወጣል። ባንተይርጋ ጣቱን ወደ ጁነዲን እጅ ጠቆመና «ዘይት...» አለ።

«አውቃለሁ አባባ፣ ዘይትና ኦክስጅን እሳት ነው» አለ ጁነዲን። በዱቄት ሳሙና እስከ ክርኑ ታጠበ፤ ዘይት የነካቸውን የጋራዡን ልጆችም ከአጠገቡ አራቃቸው። የብየዳው ጎማ ወፍራም ነው፣ የበሽተኛው ቱቦ የአይጥ ጅራት አያክልም። አንዱ በአንዱ ውስጥ ይዋኛል። ኡበይዳ ያለ ማንም ትእዛዝ ከአዲስ የመኪና ጎማ ካላማዳሪያ ቀጭን ቁራጭ ቆርጦ ቱቦው ላይ እየጠቀለለ ያወፍረው ጀመር፤ ከዚያ አስገብቶ በፕላስተር ደጋግሞ አሰረው። ጁነዲን ግፊቱን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጎ ከፈተ። መጋጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡት። አረፋው አልተነፋም፤ አያፈስም ማለት ነው።

ሙሉሐረግ ቱቦውን የባሏ አፍንጫ ላይ ስታደርግ፣ ባንተይርጋ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ከንፈሩ ትንሽ ቀላ።

«ቲቸር፣ ስንት አገኘሁ?» አለ ኡበይዳ።

ባንተይርጋ እጁን ዘርግቶ የተማሪውን አንገት ያዘው።

ሲሊንደሩን ከኋላ ጭነው፣ ጎማውን በመስኮት አስገብተው ተነሡ። ጁነዲን «ኢንሻአላህ ድነው ሲመለሱ ትመልሱልኛላችሁ» ብሎ አሰናበታቸው።

ኦክስጅን ነበር። ገዋኔን ሲያልፉ፣ ዳዋውና ጥቁሩ ድንጋይ በግራ በቀኝ ሲሸሽ፣ ኦክስጅኑ አልጎደለም። የጎደለው ሳንባው ነው። የሚሰጡትን መቀበል አቃተው። ጭንቅላቱ ሙሉሐረግ ትከሻ ላይ ወደቀ። አዋሽ ሲደርሱ ጥፍሩ ሰማያዊ ሆኗል። ኡበይዳ ወደ አዳማ መቀጠል ፈራና ወደ መጀመሪያው ጤና ተቋም ታጠፈ።

እዚያ አልጋው ሁሉ ውጭ ነው። መሬቱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ሰው እየሮጠ ሲወጣ፣ ግድግዳውም ሲሰነጣጠቅ፣ በሽተኛውን ግቢው ውስጥ ሸራ ወጥረው አስተኝተውታል። ራሄል የምትባል ነርስ እየሮጠች መጣች፤ መርፌ ወጋችው፣ ግሉኮስ ሰቀለችለት። ከዚያ ሙሉሐረግን አየቻትና እጇን ጨበጠቻት።

ከሰዓት በኋላ ምድሪቱ ተነቃነቀች። የተሰቀለው ግሉኮስ እንደ ደወል ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘ። ሴቶች «በስመ አብ!»፣ «ያ አላህ!» እያሉ ጮኹ። ባንተይርጋ ዓይኑን ገለጠ። ቱቦውን ከአፍንጫው አወለቀው። ልትመልስለት ስትል እጇን ያዘ።

«ሙሌ፣ ፈራሁ።»

ያን ሁሉ ዓመት አብራው ኖራ ይህን ቃል ከአፉ ሰምታው አታውቅም። ጫማዋን አወለቀችና ሰው ሁሉ እያየ አልጋው ላይ ወጥታ አቀፈችው።

«እንዳትለቂኝ።»

«የት ሄጄ» አለችው። «የት ሄጄ፣ ባንቴ።»

አልለቀቀችውም። ራሄል መጥታ «እማማ፣ በቃ» ስትላት እንኳ አልለቀቀችውም። ኑሀሚን ከአዳማ በአውቶቡስ ስትደርስ፣ አባቷ ፊቱ በነጠላ ተሸፍኖ፣ ኡበይዳ ከእግሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘቻቸው።

አስከሬኑን አገሩ ይዞ መሄድ አልተቻለም። ሙሉሐረግ አዋሽ ይቀበር አለች። ወንድሙ አምባዬ ከደብረ ማርቆስ ደውሎ «በሰው አገር፣ በሚንቀጠቀጥ መሬት ውስጥ ወንድሜን ልትከቺው ነው?» ብሎ ጮኸባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገራትም።

ቀብሩ ላይ የድሮ የሥራ ባልደረባው የሕይወት ታሪኩን አነበበ። ጥሩ ንባብ ነበር። ስለ ጨረቃ መንገደኞች፣ ስለ ጀሪካኑና ስለ ጣሳው ሲያነሣ የድሮ ተማሪዎች እያለቀሱ ሣቁ። መጨረሻ ላይ «እንደሚያደንቃቸው ጀግኖች ሁሉ፣ እሱም ሞትን ከቶ ሳይፈራ...» አለ።

«ፈርቷል» አለች ሙሉሐረግ።

አንባቢው ቀና አለ።

«ፈርቷል። ፈራሁ ብሎኛል። ይዤው ነበር።»

ኑሀሚን እጇን ከእናቷ እጅ ሳብ አድርጋ አወጣች። ለቅሶ ቤት ሰው ሲሳሳ «ለምን እንደዚያ አልሽ? ለምን አዋረድሽው?» አለቻት። እስከ አርባው ድረስ እናትና ልጅ የተነጋገሩት ስለ ምግብና ስለ እንግዳ ብቻ ነው።

ከአርባው ማግስት፣ ሰመራ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ኑሀሚን የአባቷን ላፕቶፕ ከፍታ ሦስቱ ሰዎች ከባሕር ላይ ወጥተው መርከብ ላይ ሲወርዱ የሚያሳየውን ፊልም ታይ ነበር። ሙሉሐረግ ልብስ ታጥፋለች። ስንት ዓመት በዚህ ፊልም አጠገብ አልፋለች፤ ቆማ አይታው አታውቅም። አሁን ልብሱን ይዛ ቆመች። የባሏ ጀግኖች ጢማቸው አድጓል፣ ከስተዋል። ሰው ሲያጨበጭብላቸው ፈገግ ለማለት ይሞክራሉ።

«ይሄኛው ታሟል» አለች።

«አዎ፣ ትኩሳት ነበረበት» አለች ኑሀሚን። «አባዬ ነግሮኛል።»

«ለእኔ አልነገረኝም።» ልብሱን አጠፍ አደረገችና «ነግሮኝም ይሆናል። አልሰማሁት ይሆናል» አለች።

ኑሀሚን አላየቻትም። «ፈርተው ነበር ትያለሽ?» አለች ዓይኗን ከፊልሙ ሳትነቅል።

«ፊታቸውን እያየሽ ትጠይቂኛለሽ?» አለች ሙሉሐረግ።

ፊልሙ አለቀ። ሙሉሐረግ ልብሱን አስቀመጠችና ልጇ አጠገብ ተቀመጠች።

«እስቲ ድምፃቸው ያለበትንም ክፈቺልኝ» አለች።