ሞጣ ድረስ የተጓዘው ሶሪ

ቢቸና ውስጥ ልብስ የሚያሰፋ ሰው ሁሉ ባንተአምላክን ያውቀዋል፤ ለማክሰኞ የቀጠረውን ሱሪ ለሐሙስ፣ ለሐሙስ የቀጠረውን ደግሞ ለፈጣሪ የሚተው ሰው ነው። ዕድሜው ሃምሳን ካለፈ በኋላ እንግሊዝኛ ጀመረ። ለምን ሲባል፣ «ለዕድገት» ይላል። የማን ዕድገት እንደሆነ ጠይቆ መልስ ያገኘ የለም።

ትምህርቱ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የምታስተምረው ንጋት ከአዳማ ተመድባ የመጣች ወጣት መምህርት ናት። የጾሙ ወራት ርዕስ ስርቆትና ይቅርታ ሆነና ሰሌዳውን ለሁለት ከፈለችው፤ በግራ ስቲል፣ ሮብ፣ ቲፍ፣ ብሌም፤ በቀኝ ጊልቲ፣ አሼምድ፣ አፖሎጃይዝ፣ ሶሪ። ስቲል በስውር መውሰድ፣ ሮብ በጉልበት መንጠቅ፣ ቲፍ ሌባ፣ ብሌም ደግሞ ጥፋትን በሰው ላይ መለጠፍ፣ የቀኙ ሁሉ ጥፋትን አምኖ ይቅርታ መጠየቂያ መሆኑን አስረዳች።

ባንተአምላክ ግራውን በአንድ ቅዳሜ ጠጣው። ዓረፍተ ነገር ሥሩ ሲባል ከሁሉ ቀድሞ ይነሳል።

«ወልደ ኪዳን ስቶል ማይ ሲዘርስ! ወልደ ኪዳን ኢዝ ኤ ቲፍ!» ወልደ ኪዳን መቀሴን ሰረቀ፣ ሌባ ነው ማለቱ ነው።

«ጎበዝ። የቀኙስ፣ ጋሼ?»

«የቀኙን ያጠፋ ሰው ይማረው፣ ቲቸር።»

ወልደ ኪዳን ከጎኑ ሲሰፋ የኖረ ጓደኛው ነው። አበልጁም ነው፤ የወልደ ኪዳንን ልጅ ወለተ ሐናን ክርስትና ያነሳቻት የባንተአምላክ ሚስት ናት። ጥር ላይ ወልደ ኪዳን ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ሞጣ ሲሄድ፣ በዚያው ጠዋት የባንተአምላክ ክር መቁረጫ መቀስ ጠፋ። ሙያውን ካስተማረው ሰው የወረሰው መቀስ ነው። እንግዲህ የማምረቻ መሣሪያ ተነካ ማለት ነውና ነገሩ የመደብ ትግል ሆነ። ባንተአምላክ መናኸሪያ ድረስ ሮጦ፣ ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል፣ በሰፊው ሕዝብ ፊት «ሌባ! ዕቃህን ፍታ!» አለ። ወልደ ኪዳን ፈታ። ጨርቅ ወጣ፣ ክር ወጣ፣ የሚስቱ ድስት ወጣ፤ መቀስ የለም። ባንተአምላክ የማስረጃውን መጥፋት እንደ ማስረጃ ቆጠረው። «ደብቆታል!» አለ። እንዲህ ያለ ንቃተ ህሊና ያለው ሰው ቀበሌ አለመመረጡ ይገርማል።

ለሰሙነ ሕማማት መግቢያ ወለተ ሐና ደወለች።

«ሠርጌ ለዳግማይ ትንሣኤ ነው። ካባዬን እርስዎ ሊሰፉልኝ ቃል ገብተውልኛል።»

«አባትሽስ ምን ይላል?»

«በአደባባይ የሰደበኝ ሰው ይቅርታ ሳይጠይቅ ደጄን አይረግጥም ይላል። እኔ ደግሞ እርስዎ በሌሉበት አልዳርም።»

«መቀሴን ይመልስና እመጣለሁ!» ብሎ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋው። ዘጋውና ለካባዋ ያስቀመጠውን ጨርቅ አውጥቶ ሲያገላብጥ ዋለ። ሥራ ፈቶ ሳይሆን አንጀቱ አልችል ብሎት ነው።

በፋሲካ ማግስት መሪጌታ ሣህለ ማርያም ካባቸውን ታቅፈው መጡ።

«ጥር ላይ ይህን ካባ ከሰፋህልኝ ጀምሮ በሰገድሁና ባጎነበስሁ ቁጥር ጎኔን የሚወጋኝ ነገር አለ። ፈተና ነው ብዬ ጾሙን ሙሉ ተቀበልሁት። ጾሙ አለቀ፤ ፈተናው ግን አላለቀም።»

ባንተአምላክ ገበሩን ተረተረው። መቀሱ ጠብ አለ። ራሱ ከገበሩ ጋር ሰፍቶት ኖሯል።

«በማን ጥፋት ነው እንዲህ የተወጋሁት?» አሉ መሪጌታ።

ከልማድ የተነሳ «በወልደ ኪዳን» ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ገጠመው። «በእኔ ነው፣ የኔታ።»

በአገሩ ደንብ እንዲህ የበደለ ሰው ሽማግሌ ይልካል፤ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይማጠናል። ባንተአምላክ ይህን ሲያስበው ወገቡን ከወዲሁ አመመው። ወዲያው የሰሌዳው ቀኝ ትዝ አለው። ፈረንጅ አንዲት ቃል ጣል አድርጎ ይገላገል የለም እንዴ! ወደ ንጋት ቤት ገሰገሰ።

«ቲቸር፣ ከአፖሎጃይዝና ከሶሪ የትኛው ይቀላል?»

«ሶሪ። ግን አሼምድ የሚለውንም ይያዙ።»

«እሱ ምን ነበር?»

«ማፈር።»

«እሱ ይቅር፤ ለመንገድ ይከብደኛል።»

በነጋታው የካባውን ጨርቅ ይዞ ተሳፈረ። በመንገድ ላይ ሶሪውን በረዳቱ ላይ ተለማመደ።

«ፋዘር፣ በሶሪ አይኬድም፤ ሂሳብ!» አለው ረዳቱ።

ሞጣ ሲደርስ ወልደ ኪዳን ከሰፊዎቹ ረድፍ መካከል ቆሞ ሱሪ ይተኩሳል።

«አበልጄ፣ መቀሱ መሪጌታን ሲወጋ ከርሞ ከካባቸው ገበር ውስጥ ተገኘ። አይ አም ሶሪ። አይ አፖሎጃይዝ።» አለ ባንተአምላክ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ።

ወልደ ኪዳን ካውያውን አስቀመጠ። «መናኸሪያ ላይ ሌባ ያልከኝ በምን ቋንቋ ነበር?»

«በ… በአማርኛ።»

«ሰው ሰምቶ ነበር?»

«ሁሉም ሰምቷል።»

«ታዲያ ይቅርታው ምነው የሰው አገር ልብስ ለብሶ፣ በሹክሹክታ መጣ? ይህ ልብስ ለእኔ አልተለካም፤ አይበቃኝም።»

ባንተአምላክ ተነቅሎ ወጣ፤ ድንጋይ ፍለጋ ነው። ድንጋዩ ግን ሁሉ ኮብልስቶን ሆኖ ተነጥፏል፤ ቢነቅል ቢነቅል ወይ ፍንክች። ልማት ይሉሃል ይህ ነው፤ ለበደለኛ የሚተርፍ ድንጋይ እንኳ አላስቀረም! ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰና ያገኘውን ከባድ ነገር፣ የከሰል ካውያውን፣ አንስቶ ጫንቃው ላይ ጫነው። ከዚያ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማው ጮኸ።

«እናንተ ሰዎች! ይህን ሰው ሌባ ያልሁት እኔ ነኝ! መቀሴን አልነካም፤ ስሙን የሰረቅሁት እኔ ነኝ! አፍሬአለሁ፣ አበልጄ፣ ይቅር በለኝ!»

በየትኛውም ስብሰባ እንዲህ ያለ ግለ ሂስ ተሰምቶ አያውቅም፤ እንዲህ የሚጨስም።

«አውርደው፣ አንተ ነፈዝ! ፍም አለበት እኮ!» አለ ወልደ ኪዳን። ካውያውን ነጥቆ ኮሌታውን በመዳፉ እየመታ አጠፋለት። እያጠፋ መሳቅ ጀመረ፤ መሳቁን ሳይጨርስ አቀፈው።

ካባውን እዚያው፣ በወልደ ኪዳን መኪና ሰፋው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ በቀጠሮው ቀን ጨረሰ። የሠርጉ ዕለት ወልደ ኪዳን ልጁ ካባውን ሳትለብስ ተቀበለና እንግዳው ሁሉ እያየ ገበሩን ከላይ እስከ ታች ዳበሰው።

«ምን ትፈልጋለህ?» አለ ባንተአምላክ።

«መቀስህን ነዋ! ልጄ ጉልበት ለመሳም ሳታጎነብስ ይውጣ ብዬ ነው።»