በየቀኑ የሚበላሸው የመኪና ጨዋታ

ሰፈሩ ሁሉ «እሳቷ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ባሏ ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር ሳለ ከመንገድ እየደወለ «እሳቷ፣ ቤቱን አቃጠልሽው ወይስ አለ?» ይላት ነበር። ዘንድሮ ግን ቀልዱ ሁሉ ጠፋ። ስትሮክ መትቶት በድንገት ወድቆ ከሆስፒታል ሲመለስ፣ ቀኝ እጁ እንደ ሰው ዕቃ ጎኑ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሳትደብቅ ነገረቻት። «እነዚህ ወራት ካመለጡ እጁ እንዲሁ ሊቀር ይችላል። ጣቶቹን የሚያሠራ፣ እሱ የሚወደው ነገር ፈልጊለት።» የላስቲክ ኳስ ብትሰጠው ወረወረው። እወዳለሁ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በጉርምስናው የተጫወተውን አሮጌ የኮምፒውተር የመኪና ውድድር ጨዋታ። መኪናው የሚነዳው በኪቦርዱ ቀኝ በኩል ባሉት ቀስቶች ነውና እሷም በደስታ ዘለለች።

እሳቷ ማተሚያ ቤት ውስጥ የመጽሐፍ ሽፋን ታቀናብራለች፤ ኮምፒውተር አያስፈራትም። ጨዋታውን ስትከፍተው ግን ደሟ ፈላ። አስፋልቱ ሮዝ፣ ዛፎቹ አየር ላይ፣ መኪናው ያለ ጎማ! ጨዋታው ለድሮ ኮምፒውተር የተሠራ ስለሆነ አዲሱ ኮምፒውተር ምስል የሚያወጣበት የግራፊክስ ካርድ ቋንቋው አልገባውም። ከሥራ መጥታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ታገለችው። በመጨረሻ ጨዋታው የራሱ የማስተካከያ መስኮት እንዳለው ደረሰችበት። መስኮቱን ለመክፈት፣ ጨዋታው ሲነሳ በኪቦርዱ የግራና የቀኝ ጫፍ ያሉትን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል። ሁለት እጇን ዘርግታ ያዘቻቸው፤ የቀለሙን ብዛት ወደ ድሮው መጠን ዝቅ አደረገች። አስፋልቱ ጠቆረ፣ ጎማውም ተመለሰ።

ባሏ ያን ዕለት ነዳ፤ ነዳ ከተባለ! በመጀመሪያው ኩርባ ግድግዳ ገጨ፣ በሁለተኛውም ገጨ። «በቃኝ» ብሎ ተነሳ።

በማግስቱ አስፋልቱ እንደገና ሮዝ ሆኖ ጠበቃት። አስተካከለችው። በነጋታውም ያው። «ይሄ ዕቃ ከእኔ ጋር እልህ ተጋብቷል!» አለች። ኮምፒውተሩ ራሱን እያደሰ ያበላሸው መስሏት ኢንተርኔቱን ነቀለች። አሁንም ያው። ባሏ ሶፋው ላይ ሆኖ «ተይው ባክሽ፣ ያረጀ ነገር አይሠራም» ይላታል። ከሁሉ በላይ ያንጨረጨራት ይሄ አነጋገሩ ነው። ጊዜው እየነጎደ፣ እጁም እንዳለ ተንጠልጥሎ፣ እሷ ከሚንሳፈፍ ዛፍ ጋር ስትሟገት ታመሻለች!

አንድ ቀን ኮምፒውተሩን ተሸክማ የሸጠላት ቴክኒሻን ሱቅ ገባች። «ወይ ሥራልኝ ወይ እዚሁ እፈጠፍጠዋለሁ!»

ቴክኒሻኑ ፈታትሾ ራሱን ነቀነቀ። «እህቴ፣ ኮምፒውተሩ ደህና ነው። ይሄ ማስተካከያ በራሱ አይለወጥም። መስኮቱን ከፍቶ የሚመልሰው ሰው ነው።»

ሰው? ቤቱ ውስጥ ያሉት እሷና ባሏ ብቻ ናቸው። መንገዱን ሙሉ ስትብከነከን መጥታ በሩን በርግዳ ገባች።

«አንተ ነህ አይደል?»

እሱም ብሶበት ነበርና ጮኸ። «አዎ፣ እኔ ነኝ! ዕድሜ ልኬን ተሳቢ የነዳሁ ሰውዬ፣ በጨዋታ መኪና ከግድግዳ ግድግዳ ስላተም ቆመሽ ታዪኛለሽ! አፈርኩ። ስታስተካክዪው አይቼሽ ነበር፤ ከሥራ ሳትመጪ መልሼ አበላሸዋለሁ።»

«እኔ ዓይኔ እስኪጠፋ! የሰው ሱቅ ገብቼ ሰው እስክዘልፍ! ለካ አንተ በገዛ እጅህ…»

እዚህ ላይ ዞራ ኪቦርዱን አየችው። አንደኛው ቁልፍ ግራ ጫፍ ነው፣ ሌላው ቀኝ ጫፍ። አንድ እጅ ቢዘረጋም ሁለቱን አይደርስባቸውም።

«በየትኛው እጅህ ነው የከፈትከው?»

ሰውየው ጭኑ ላይ የተጋደመውን ቀኝ እጁን ተመለከተ። «መጀመሪያ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጣቴን በግራዬ አንስቼ ቁልፉ ላይ አስቀመጥኩት። እያደር ራሱ መጫን ጀመረ።»

ደስታውም ንዴቱም አንድ ላይ መጣባት፤ ንዴቱ ቀደመ። እንባዋ እየወረደ ጮኸችበት። «ይሠራል! ጣትህ ይሠራል! አንተ ግን በየጠዋቱ አገጭህን ቀና አድርገህ ሸሚዝህን ታስቆልፈኛለህ! ከነገ ጀምሮ ራስህ ትቆልፋለህ!»

«የላይኛዋ ቁልፍ አትሆንልኝም።»

«የላይኛዋን እኔ እቆልፍልሃለሁ» አለች አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ሌላውን ግን ንክች አላደርግልህም!»